ሰባተኛው ቁራጭ የማን ልጅ ነው?

ለተከበርሽው የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬን ከማቅረቤ በፊት ክሴን ላቅርብ። የፔርሙሴን ክዳን ይዘሽብኝ ሄደሻል። አልወሰድኩም ብለሽ ብትምዪም አላምንሽም፤ ከሄድሽ ወዲህ ሻዬ ሁለት ጊዜ ፉት ሳልለው ይበርዳል። ሰው ለትምህርት አገር አቋርጦ ሲሄድ መጽሐፍ ይሰርቃል እንጂ ክዳን ይሰርቃል? ሻንጣሽን ጥግ ጥጉን ፈትሺ፤ ካልሲ ውስጥም ቢሆን አይጠፋም። በይ ክሴን ጨርሻለሁና እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ባየ ቁጥር የሚያስነጥሰው አፍንጫሽስ አገሩን ለመደው? ያስጠጋችሽ አክስትሽ ደህና ናት? ባለቤቷስ? እኛ እዚህ ከናፍቆትሽና ከአንድ ጎረቤት በቀር ምንም አልጎደለብንም፣ ምንም አልበዛብንም። እናትሽ ደህና ናት፤ ድምጿም ደህና ነው፣ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። እኔም ከሐሞት ጠጠሬ ተገላግያለሁ። ሐኪሙ ጠጠሯን በብልቃጥ አድርጎ ስለሰጠኝ ሱቄ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫታለሁ። ዋጋ የሚከራከር ደንበኛ ሲመጣ አሳየውና፣ ይህችን ያተረፍኩት ካንተ በፊት ከነበረው ደንበኛ ነው እለዋለሁ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ይቅር ጋሼ፣ ፈታኙ ያልተቀበለውን ምዕራፍ ከመመረቂያ ጽሑፌ አውጥቼ የቀረውን አስረክባለሁ የምትለውን ሳነብ ስልኩን የሥራ አግዳሚዬ ላይ ወረወርኩት። ስልኩ ምን አጠፋ? ንዴት ነው። ያ ምዕራፍ ከወጣ የሚቀረው ምንድን ነው? ሽፋኑና የምስጋናው ገጽ! ምስጋናው ላይ ደግሞ እኔ ከእናትሽ በታች እንደሆንኩ ሰምቻለሁ፤ እሱንም ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። ያለዚያ ምዕራፍ ዲግሪው እንደማይሰጥሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ከጽሑፍሽ አንዲት መስመር እንዳታወጪ። በስልክ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፤ ሰው ሲያለቅስ ደግሞ ነገሬ ሁሉ ይጠፋብኛል። ሥራሽ ያለበትን ዲስክ ይዞ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ደብዳቤውንም አብሬ እሰድልሻለሁ።

በፈታኝሽ፣ ሁሉን በማጉያ መነጽር በሚያየው በባለ ማጉያው፣ መጀመሪያ በጣም ነበር የተናደድኩት። ይህ በእጅ የተሰፋ ይመስላል ማለቱን ስሰማ፣ ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው ወይስ ኬሚስት ብዬ ብቻዬን ጮኽኩ። በኋላ ግን ያመለከተውን ቦታ ከፍቼ አየሁት። ሰውየው እሾህ ነው፤ ዓይኑ ግን ዓይን ነው። መድኃኒቷ በፕሮቲኑ ኪስ ውስጥ ተመቻችታ፣ ቀስ እያለች ጎኗን እያዞረች ትቆይና፣ ስድስተኛው ቁራጭ አልቆ ሰባተኛው ሲጀምር በአንድ ቅጽበት ዘልላ ሌላ ጎን ላይ ትገኛለች። ሞለኪውል ደግሞ ፌንጣ አይደለም። እያንዳንዱ ቁራጭ ከየት እንደተነሳና ማን እንዳስነሳው ካልተነገረኝ አልቀበልም ማለቱ ፍርድ ነው፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው እላለሁ። ይህን እንዳልኩ ግን እንዳትነግሪው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከተመሰገነ አይቻልም።

አክስትሽ ይህን ደብዳቤ በትከሻሽ በኩል አንገቷን አስግጋ እንደምታነበው ስለማውቅ ለእሷም ላስረዳ። አንቺ አክስት ተብዬ፣ ስሚ። ልጅቱ የምትሠራው አንድ መድኃኒት ከአንድ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይቆይ እንደሆነ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷ አቶም የት እንደደረሰች እያሰላ በየጥቂቱ ምስል ያነሳል። ምስሎቹ ሲከታተሉ እንደ ፊልም ይሆናሉ፤ እሷ ትራጀክተሪ ትለዋለች፣ እኔ የጉዞ ፋይል እለዋለሁ። ፊልሙን የምታነሳው በእኔ አግዳሚ ሥር ያለችው፣ ሰው ከጣላቸው ካርዶች የገጣጠምኳት ኮምፒውተር ናት። ስሟ አህያዋ ነው፤ ሲጭኗት ትሸከማለች፣ ሲሰድቧት አትሰማም። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ፊልሙ ይቆረጣል። ያን ጊዜ ካስቀመጠችው የመጨረሻ ማረፊያ ተነስታ እንድትቀጥል አዛታለሁ፤ አዲስ ቁራጭ ትጀምራለች። ሁሉም ሲያልቅ ቁራጮቹን መልሶ አንድ ፊልም ማድረግ ግድ ነው። ያጣላንም ይኸው ነው።

መብራቱ ለምን ይጠፋል? አጥፊውን አንቺ ታውቂዋለሽ። በአንድ ግድግዳ የተለያየነው በያጅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ብልጭታ የሚለው። የመብራት መስመራችን አንድ ነው። እሱ የበር ብረት መበየድ ሲጀምር የእኔ አምፖል ዓይኗን ታርገበግባለች፣ ከዚያ ብሬከሩ ይወርዳል። መስመርህን ለይ ስለው፣ አንተ ለይ፣ እኔ ካንተ በፊት እዚህ ነበርኩ ይላል። ኮምፒውተሬ ውስጥ የእህቴ ልጅ ሥራ አለ ስለው ደግሞ፣ እኔ የማየው ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ቆርቆሮ ነው አለኝ። ቆርቆሮ! ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታም አቋረጥን። ቁርጥራጭ ብረቱን ደጃፌ ላይ ይከምርብኛል፤ ስልክ ሳነሳ ጠብቆ የብረት መፋቂያ ግራይንደሩን ያስጮኸዋል። ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይከፋል?

እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ዱላ አላነሳም። ያነሳሁት ሌላ ነገር ነው። ከአህያዋ ጋር ድምፅ ማጉያ አገናኘሁና ስሌቱ በተቋረጠ ቁጥር እንደ እውነተኛ አህያ እንድታናፋ አደረግኳት። ባትሪዋ ለስሌቱ አይበቃም፤ ራሷን ለማቆየትና ለማናፋት ግን አይተርፋትም አይጎድላትም። ሥራው እንደገና እስካልተጀመረ ድረስ አታቆምም። ብልጭታ ብረት ሲያስነካ መብራት ድርግም፣ አህያዋ ትጀምራለች። አላፊ አግዳሚው ይስቃል። በር ልታሠራ የመጣች ሴትዮ፣ ወንድሜ መጀመሪያ ከብትህን አብላና ትበይዳለህ ብትለው ፊቱ እንደጋለ ብረት ቀላ። ደጃፌ ላይ ቆሞ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብሎኝ ሄደ። ጅቡ ማን እንደሆነ በገዛ አፉ ነገረኝ ማለት ነው።

ወደ ቅጥያው ልመለስ። ቁራጮቹን ደርድሬ አንድ አድርግልኝ ስለው ፕሮግራሙ ገና ከበሩ መለሰኝ፤ የአቶሞቹ ብዛት አይመሳሰልም አለ። ብፈትሽ ሦስተኛው ቁራጭ ውስጥ ፕሮቲኑ የሚንሳፈፍበት ውሃ የለም። ለካ ያኔ ዲስኩ ሞልቶብን ፕሮቲኑንና መድኃኒቷን ብቻ አስቀምጪ ብለሻት ኖሯል። ከሌሎቹም ውሃውን አውጥቼ አስተካከልኳቸው። ሲገጣጠም ደግሞ ፕሮቲኑ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በዚህ ግድግዳ፣ ግማሹ በወዲያኛው ታየኝ። ፕሮቲኑንና ውሃውን በያዘው በዚያ የስሌት ሳጥንሽ ውስጥ በቀኝ የወጣ በግራ እንደሚገባ ነግረሽኝ ነበር፤ ረስቼው ፊልሙን ከነአካቴው ልጥለው ነበር። መጀመሪያ ቀጥዬ በኋላ ልጠግን ብል ባሰበት። እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻው ጠግኜ፣ መሃል አስቀምጬ፣ ከዚያ ስቀጥል ሰው መሰለ። የቀረው ሰዓቱ ነበር። እያንዳንዱ ቁራጭ ሰዓቱን ከዜሮ ስለሚጀምር፣ የኋለኛው የፊተኛው ካቆመበት እንዲነሳ አድርጌ ተራ በተራ በእጄ ሰጠኋቸው። ይህችን ነገር ልብ በያት፤ መዘዙ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ዝላይዋ ከስድስተኛውና ከሰባተኛው መሃል አልነቃነቅም አለች። በቃ፣ የብልጭታ እሳት ፋይሉን አበላሽቶታል አልኩ። ይህን እያልኩ እሱ ሱቅ ገባሁ። ደንበኞቹ ተሰልፈዋል። አንተ ሰው፣ የእህቴን ልጅ ዲግሪ በየድከው፣ ደስ ይበልህ አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩት፤ ለእናትሽ የማይነበብ ስለሆነ እተወዋለሁ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየኝ።  ከዚያ መነጽሩን አወረደና ብየዳውን ቀጠለ። እሱ! መልስ የማያጣው፣ ለአንድ ስድብ ሦስት የሚመልሰው! ነገር ያለበት ሰው እንዲህ ነው ብዬ ደምድሜ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ አምፖሌ ሲርገበገብ እንኳ ደስ አለኝ፤ ክሴን ያጠናክርልኛልና።

ግን ፋይሉ አልተበላሸም። ሰባተኛውን ምስል በምስል አየሁት፤ አንዲት አቶም አልጠፋችም፣ አንዲት ትስስር አልተበጠሰችም። የሰባተኛው የመጀመሪያ ምስል የስድስተኛውን የመጨረሻ ምስል መምሰል ሲገባው አይመስለውም እንጂ ሌላ እንከን የለበትም። እንግዲህ የጠፋ ልጅ ሲገኝ ምን ይደረጋል? በየቤቱ እያንኳኩ ይህ ልጅ የእናንተ ነው ወይ ይባላል። እኔም ያን የመጀመሪያ ምስል አህያዋ ከፊተኞቹ ቁራጮች ሁሉ፣ ከእያንዳንዷ ምስል ጋር እንድታስተያየው አዘዝኳት። ስትፈልግ ዋለች። ከስድስተኛው ዘንድ ዘመድ አላገኘም። ከአምስተኛው የመጨረሻ ምስል ጋር ሲደርስ ግን ልዩነቱ ባዶ ሆነ። እያንዳንዷ አቶም በጓደኛዋ ላይ ቁጭ አለች። ከመቀመጫዬ ተነስቼ አጨበጨብኩ፤ የመጣው ደንበኛ ተመልሶ ሄደ።

ገባሽ? ስድስተኛውና ሰባተኛው አባትና ልጅ አይደሉም፣ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም የተነሱት ከአምስተኛው ማረፊያ ነው። እኔ ሰዓቱን በእጄ ስሰጥ ታናሹን በታላቁ ላይ ቀጥዬ ወንድምየውን አባት አደረግኩት። መድኃኒቷ ወደ ፊት አልዘለለችም፤ ወደ ኋላ፣ አምስተኛው ወደተዋት ቦታ ነው የተመለሰችው። ስድስተኛውን ከመሃል አውጥቼ አምስተኛውን ከሰባተኛው ሳገናኘው ስፌቱ በማጉያም አይታይም። ስድስተኛውም ቢሆን አይጣልም፤ ብቻውን ቆሞ ሌላ ምስክር ነው። በእሱም ውስጥ መድኃኒቷ በሌላ መንገድ ትሂድ እንጂ ከኪሱ አልወጣችም። ሁለቱንም ለየብቻቸው ዲስኩ ላይ አድርጌልሻለሁ።

አሁን እሰይ ብለሽ እንዳትዘዪ፤ የከበደው ገና ነው። ባለ ማጉያው ምን እንደሚልሽ እዚህ ሆኜ ይሰማኛል። ሥራው ከቆመበት መቀጠል ሲገባው ወደ አሮጌው ማረፊያ ተመልሶ እንደገና ያስነሳው ማን ነው? የወደዳችሁትን መንገድ ይዛችሁ ያልወደዳችሁትን የጣላችሁ እንዳይሆን ይላል። መልስ ከሌለን ምዕራፉ እንደወጣ ነው። እኔ መልሱን አላውቅም። የፋይሉን ቀን አየሁት፤ ሰባተኛው የተጀመረው እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ከጠጠሬ ጋር ስታገል ነው። ሱቁ ተቆልፏል። ቁልፌ ትራሴ ሥር ነበር፤ ሁለተኛው ቁልፍ እናትሽ ዘንድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ገምቻለሁ። እኔ ሥራውን ሳስነሳ ሁልጊዜ የአዲሱን ማረፊያ ስም እጽፋለሁ። ያን የማያውቅ ሰው፣ ወደ ላይ የምታመለክተዋን ቀስት ተጭኖ ትልቋን የኢንተር ቁልፍ ቢመታ ግን የመጨረሻው ትእዛዝ እንዳለ ይደገማል፤ የመጨረሻው ትእዛዝ ደግሞ ስድስተኛውን ከአምስተኛው ማረፊያ ያስነሳሁበት ነው። ስለዚህ የገባው ሰው ኮምፒውተር አያውቅም። የሚያውቀው ጣቶቼ የሚሠሩትን ነው። ወንድምሽን ጠየቅኩት፤ ከምረቃው ወዲህ ሱቄን ረግጦ እንደማያውቅ በሚያሳፍር ድፍረት ነገረኝ። እናትሽን ጠየቅኳት፤ እኔ አህያህን ነክቼ አላውቅም፣ ስትጮህ ከሩቅ እሰማታለሁ እንጂ አለች። ቁልፉስ ብላት፣ ቁልፉ አለ፣ ይልቅ ምሳ በልተሃል ወይ አለችኝ። እህቴ ሳልጠይቃት ስለ ምሳ ከጠየቀችኝ የደበቀችው ነገር አለ ማለት ነው። ብጨቀጭቃት ይብስባታል ብዬ ተውኳት። ስወጣ ከኋላዬ፣ አንተ ልጅ፣ ጠብህን ትተህ ጎረቤትህን ሰላም በል አለችኝ። ምኑ ከምኑ ይገናኛል?

ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። ከቁራጮቹ ሁሉ ረጅሙ ሰባተኛው ነው። እሱ ከተነሳ ወዲህ፣ እኔ ከሆስፒታል እስክወጣ ድረስ መብራት አንድ ቀን አልጠፋም። እኔ ያለሁ ጊዜ አህያዋ ሳትቆረጥ ውላ አታድርም፣ እኔ ስታመም እንደ ልቧ ትሄዳለች! ብልጭታ ሥራ አጥቶ ነበር ማለት ነው ብዬ እሰይ አልኩ። እግዜር ለታመመ ያዝናል።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ምስክሩን እፈልገዋለሁ፤ እስካገኘው ድረስ ጽሑፍሽን እንዳትነኪ። ለአክስትሽ፣ አንገትሽን መልሺ በያት፣ ጉንጯንም ሳሚልኝ። ለባለቤቷ፣ ያ ቼዝ እንዳልተጨረሰ አስታውሺው፤ ንጉሡን የት እንዳስቀመጠው አልረሳሁም። ለትንሿ ልጃቸው፣ የአህያዋን ድምፅ ዲስኩ ላይ ስላስቀመጥኩላት ወላጆቿ ሲቆጧት ትክፈተው። እናትሽ ትስምሻለች፤ ጎንሽን ሸፍነሽ ተኚ ትልሻለች። ወንድምሽም ሰላም ብሎሻል፣ ሳልጠይቀው ነው ያለው። የፔርሙሱን ክዳን ግን…

በሩ ተንኳኳ። የምጽፈው ሱቁን ዘግቼ ነው፤ ደንበኛ እንዳይመስልሽ። በመስኮቱ ብቅ ብል ብልጭታ ነው። መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ፊቱ ጥቀርሻ። ሊደበድበኝ መጣ ብዬ መፍቻዬን አነሳሁ። ከዚያ እጁን አየሁ። ቁልፍ ይዟል፣ ቀይ ክር የታሰረበት። ያን ቀይ ክር ያሰረችው እናትሽ ናት።

አልከፈትኩለትም። ምን ፈለግህ አልኩት ከውስጥ። በበሩ ስንጥቅ መናገር ጀመረ፤ ለባለ ማጉያው እንዲሆን የሚለውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። እህትህ፣ እውነቱን ካልነገርከው ከቤቴ አትገባም ብላኝ ነው እንጂ ላንተ ብዬ አልመጣሁም ይላል። በተኛህ ሰሞን አስነክቼ መብራቱን ጣልኩት፣ ብሬከሩን ባነሳውም አህያህ ዝም አልል አለች፣ ጆሮዬ ሊፈነዳ፣ ደንበኛ ሸሸኝ ይላል። ቁልፉን ከእህትህ ተቀብዬ የገባሁት ነቅዬ ልጥላት ነበር፣ ከዚያ የልጅቱ ሥራ ነው ስትል የሰማሁት ትዝ አለኝ ይላል። አንተ ስታደርግ በመስኮት እንደማየው ቀስቷን ተጫንኩ፣ ትልቋን መታሁ፣ ዝም አለች ይላል። እንደገና እንዳትነቃብኝ ብዬ አንተ ከሆስፒታል እስክትወጣ ድረስ ብረት አልነካሁም፤ የሰው በር ይዤ ስንት ቀን ተሰደብኩ ይላል። ባለፈው መጥተህ ስትጮህብኝ ያበላሸሁት መስሎኝ ፈራሁ ይላል።

ልጄ፣ ይህን ሰው ማመስገን ከሐሞት ጠጠር የባሰ ያማል። ጠጠሩ እንኳ በማደንዘዣ ነው የወጣው። መፍቻውን አስቀምጫለሁ። አሁን ደግሞ በሩን በእግሩ እየመታ፣ ክፈት እንጂ አንተ የአህያ ባል፣ ለልጅቱ ምስክር ሆኜ የምፈርመው የት ላይ ነው እያለኝ ነው።

ከአግዳሚዬ፣ ከአህያዋ አጠገብ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ